ጉዳዩ፦ ስለ ጣቶቼ

ቀን፦ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ዓርብ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት።
ለ፦ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ለምውጥሽ መድኃኒት።
ቢቸና።

እኔ አመልካች ትርንጎ አንሙት፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከቆርቆሮ ጥላ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ክስ ስሞላ፣
«ወሰን ተገፋብኝ፣ በሬዬ ተነዳ፣
ዋስ ሆኜ ከፈልሁ የማላውቀው ዕዳ»
ያሉኝን ስከትብ፣
ለራሴ አንዲት ገጽ ጽፌ አላውቅም።
ዛሬ ግን ልጀምር። ጣቴ እሺ ካለኝ።

የነገሩ መነሻ፦
መጀመሪያ ብርድ ነው አልሁ፣ የጮቄ ብርድ፣
ጧት እጄ አልታጠፍ ሲል፣ ብዕር ሲከብደኝ እንደ ግንድ።
ቅቤ ታሸሁ። ፌጦ አሰርሁ። ሰባት ቀን ጠበል ከረምሁ።
ማርቆስ ሆስፒታል ነው ስሙን የሰማሁት፤
የራሴ ደም አሉኝ፣ አንጓዬን የሚበላው፣ ጠላት መስሎት፤
ከሳሽና ተከሳሽ ባንድ ገላ፣ ባንድ ቤት።
እንዲህ ያለ መዝገብ በየት በኩል ይከፈት?

ያኔ ነው አንቺን የሰጡኝ፤ ስድስት ቢጫ ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ማታ።
«በየቀን ከዋጥሽው ሞት ነው» አለ የፋርማሲው ልጅ፣
በቀይ አስምሮ ከካርቶኑ ጫፍ፣ በዝግታ።
ነጭም ጨመሩልኝ፤ ትንሽ፣ መራራ፣ እብጠት የምታበርድ።

ልመስክርልሽ፤ ሐሰት አልናገርም፦
በሦስተኛው ወር አዝራሬን ራሴ ቆለፍሁ።
ብዕሬ ተመለሰ።

አሁን ወደ በደሌ።

ሐሙስ እውጥሻለሁ፤ ዓርብ ሆዴ ይታመሳል፣
የጎረቤት ወጥ ሽታ ካጥር ማዶ ያባርረኛል።
እስከ ሠርክ እህል አልቀምስ፤ ሰፈሩ ግን ያደንቃል፦
«ይች ትርንጎ መቼም! ጾሟ ከቄሱም ይጠብቃል።»
ጽድቄ ማቅለሽለሽ ነው፤ ማን ደፍሮ ይናገራል?

ነጯ ደግሞ ፊቴን ነፋች፤ ጉንጬ ሞላ፣ አገጬ ጠፋ፤
ትርንጎ ተብዬ ትርንጎ አከልሁ፤ ሻሼ ጠበበ፣ ፊቴ ሰፋ።
ገበያ ያየኝ ሁሉ «ደላሽ! አማረብሽ!» ይላል።
የወንድሜ ልጅ ብቻ፣ ቅኔ ቤት የገባው፣
አየኝ፣ አየኝና «አክስቴ፣ ይህ ፊትሽ ሰም ነው» አለ።
ወርቁን ሳይፈታው ወጣ።

ጠጉሬ ከምጽፈው ገጽ ላይ ይረግፋል፤
ባለጉዳይ እፍ ይልልኛል።

ባለፈው ከአጥሩ ሥር ሲያስመልሰኝ አይታ
ባዩሽ፣ ሻይ ሻጯ፣ «እሰይ! ዘገየሽ እንጂ!» አለችኝ፤
እልል ልትል ምንም አልቀራት።
ሐኪሙ እኮ አንቺን የሰጠኝ ለት
«ይህን እየዋጥሽ እንዳትጸንሺ» ብሎኝ ነበር።
ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰምቻለሁ ብዬ ፈረምሁ።
ባዩሽን ግን ሳቅሁላት፤ ሻይዋንም ጠጣሁ፤
ከአፌ ቁስል ላይ ስኳሩ እንደ ሚጥሚጣ ፈጀኝ።

እንግዲህ ምን ይወሰንልኝ ልበል?
ይሰረዝ ብል፣ ጣቴ ይታሰራል፤
ይጽና ብል፣ ጉበቴ ይጠየቃል።
የዳኛውም የሐኪሙም ቃል አንድ ነው፦ ቀጠሮ።
ለመስከረም ቀጠሮ። ለኅዳር ቀጠሮ።
ስለዚህ ክሴን አላነሳም፤ አልቀጥልምም።
የምለምንሽ ትንሽ ነው፦ ዓርብን ልቀቂልኝ፣ ባይሆን እስከ ቀትር፤
ዓርብ የቀለብ ጉዳይ ይታያል፤ ሴቶች ከገጠር
በሌሊት ተነሥተው፣ ልጅ አዝለው ይመጣሉ።
የነሱን ልጨርስ።

ፊርማ የማያውቁትን አውራ ጣታቸውን ይዤ
ስንት ዘመን ቀለም ላይ ጫንሁ፣ «አይዞሽ፣ ላላ አርጊው» እያልሁ።
ዛሬ ብዕሩ ከዚህ ወዲያ እንቢ አለኝ።
ባዩሽ ብርጭቆዋን አስቀምጣ መጣች፤
ያበጠውን አውራ ጣቴን ያዘችው።

«ቀስ» አልኋት።

አመልካች፦ ትርንጎ አንሙት
የጣት አሻራ፦