ስርዝ ድልዝ

ማታ ነው። ኮዬ ፈጬ መብራት ሄዶ መጣ፣
ከኤልዳና ደብተር አንድ ፎርም ወጣ።
ስንዱ ብዕር ይዛ ከላይ ጀመረችው፤
የእናት ስም፣ የእናት ሥራ፣ በፍጥነት ሞላችው።
«የትምህርት ደረጃ»፤ ማስተርስ፣ ጻፈችና
ወደ «አባት» ስትወርድ ብዕሯ ቆመና
አየችኝ። ያላየሁ መስዬ አጎነበስኩኝ፣
ከጥፍሬ ነጭ ሲሚንቶ ስፍቅ ቆየሁኝ።

ከስምንተኛ ክፍል ወድቄ አልወጣሁም፤
አባቴ ነው የወደቀው፣ ከፎቅ መወጣጫ። ተመልሼ አልገባሁም።
ይህን ታውቃለች ስንዱ። አውቃ ነው ያገባችኝ፣
የማታ ትምህርቷን ስከፍል፣ በደረሰኙ ጀርባ
«የኔ ጎበዝ» ብላ የጻፈችልኝ።

ዛሬ ግን
እሷን ሰርቪስ ቆሞ አስፋልት ዳር ይጠብቃል፣
እኔን ከነመዶሻዬ ሃይገር ያጣብቃል።
እድር ላይ አጥናፉ ቀርቶ «የስንዱ ባል» ነኝ፤
ዳኛው ሳይቀር ለእሷ ወንበር ሲለቅ አየሁኝ።

ባልደረባዋ ሠርግ ላይ «ምን ይሠራል?» ሲሏት
«ኮንትራክተር ነው» አለች፤ እኔም አላረምኳት።
ኬኩን በሹካ ቆረስኩ፤ ጣፋጭ ነበር፣ አልክድም፤
ቤት እስክንደርስ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

አሁንም ፎርሙ ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ
«ዲፕሎማ» ብላ ጻፈች፤ ቀላ ሲል አየሁ አንገቷ።

ሙያዬ ሴራሚክ ነው፤ ሥራዬን አውቃለሁ፤
አንጥፌ ስጨርስ በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ።
ሥሩ ያልጠገበ፣ ላዩ ቢያብረቀርቅም፣
ቋ ይላል እንደ ቅል፤ ዓመትም አይዘልቅም።

ከበረንዳው ማዶ፣ ያልተሸጠው ማሳ ላይ ጅብ ይጮሃል፣
እኛ ብሎክ ግን ሁሉም ቤት ተኝቷል።
ቀስ ብዬ ተነስቼ ወደ ሳሎን ወጣሁ፤
ያቺን ቃል በጣቴ እንደ ሥራዬ መታሁ።

ቋ።

ብዕሯን አነሳሁና በላይዋ አሰመርኩኝ፣
«8ኛ» ብዬ ጻፍኩ፤
ስምንቷ እንደ ሰካራም ተንጋዳ ቆመችብኝ።

ጠዋት አየችው። «አበላሸኸው!» አለች፤
ሻይዋን ትታ፣ ቆማ፣ ደጋግማ አነበበች።
ታች ሰርቪሱ ጡሩምባ ነፋ፤ አልሰማች መሰለኝ።
የሠርጉን ልታነሳ ነው ብዬ ፈራሁ፤ አላነሳችብኝ።
«ስርዝ ድልዝ ካለ» አለች፣ የቢሮ ሰው ናትና፣
«ፊርማ ያስፈልገዋል»፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና
ከተሰረዘው ቃል ጎን፣ ከጠማማው ቁጥሬ አጠገብ
ሙሉ ስሟን ፈረመች፣ ፊደል በፊደል፣ ልጅ እንደሚያነብ።

ሰርቪሱ ሄደ።
ሃይገር ውስጥ ቆመን፣ መዶሻዬ ጉልበቷን ሲነካት
«ዞር አድርገው» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣት።