ቆብ የሌለው ዐይን

በቺሌ ደቡብ፣ በአንኩድ፣ ባሕር ዙሪያዋን በከበባት፣
ዝናብ ሲጥል ሳይሆን ሲያባራ በሚሰማባት፣
ከወደቡ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው ዳገት፣
ከመረብ ጠጋኙ ሱቅ ጥቂት አለፍ ሲሉት፣
አንድ የቆርቆሮ ዐይን ተንጠልጥሎ ነበር በሰንሰለት።

የመነጽር ሠሪው የዶን ባልዶሜሮ ምልክት ነው።
ስፋቱ የጋሪ ጎማ ያህላል፤
ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ደግሞ ሰማያዊ።
ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ተሥሏል፤
ቆብ ግን የለውም።
ሠዓሊው ረስቶት ይሆናል፤
ወይ ቀለም አልቆበት፤ ወይ ዋጋ ቀንሰውበት።

ኤውላሊያ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።
ሌሎቹ ልጆች በድንጋይ ይመቱታል፤ ሲጮኽ ይስቃሉ።
እሷ በማዶ፣ በጭቃው በኩል፣ ፊቷን በቦርሳዋ ጋርዳ፣
ካለፈችው በኋላም የኋሊት እየሄደች፤
ጀርባ የሰጡትን ዐይን ማን ያምነዋል?

አባቷ ሬሚሂዮ ጫማዋን ከጭቃ እየጠረገ፣
«ውሻ ያልነከሰሽ፣ ቆርቆሮ ሊነክስሽ ነው?» አላት።
«አይነክስም።»
«ታዲያ ምን ያደርግሻል?»
«ምንም አያደርግም።»
እሱ ሳቀ።
እሷ ግን መልሱን ጨርሳ ነበር።

ውሻስ ቢሆን ጮኾ ጮኾ ይደክመዋል፤
ባሕርም ቢቆጣ ማዕበሉ ይመለሳል፤
አባትም ቢቆጣ እራት ሲቀርብ ይረሳል፤
ሥዕል ብቻ አይደክመው፣ አንዴ ካየ ያያል።

ሌሊት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ሰንሰለቱ ከታች መንደር ሲጥ ይላል፤ ሲጥ።
ብርድ ልብሷን ተከናንባ ዐይኗን ትጨፍናለች፤
የራስን መጨፈን ምን ይረባል፣
የዚያኛው ካልተጨፈነ?

ዛሬ አርባ አንድ ዓመቷ ነው።
በጀልባዎች ደረት ላይ ስም ትጽፋለች፣ በዘይት ቀለም።
ባለፈው ክረምት ሱቁን የገዛው ሰው
«ይህን አድሺልኝ» ብሎ ዐይኑን አመጣላት፤
ጠረጴዛዋ ላይ በፊቱ ደፋው።
ጀርባው ዝገት ነው፤ አንድ የጎበጠ ምስማር፣
ወፍ ትታው የሄደችው ገለባ።
ይሄ ነበር? ሳቋ መጣ።
ስትገለብጠው ሳቋ ሄደ።

ብሩሹን አስጠግታ ነጩን ልትነካ ስትል
አራት ዓመቷ ሆነ።
የወንድ አያቷ አልጋ። ሻማ። በር ላይ የሚንሾካሾኩ አክስቶች።
«ተኝተዋል» አሏት።
አልጋው ላይ ተንጠራርታ አየች፤
የተኛ ሰው፣ ዐይኑን ገልጦ።
ማንም አልከደነለትም፤
ሁሉም ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይሆናል።

ለልጅ ያየውን «አላየህም» ሲሉት፣
ፍርሃቱ ማደሪያ ያጣል፤ ቤት የለሽ ይሆንበት፤
ሲዞር ይከርምና፣ ሲንከራተት፣ ሲያንኳኳ፣
ከቆርቆሮም ቢሆን ይገባል፤ ክፍት ካገኘ ለካ።

ደግሞም፣ እንጃ።
ይህ ሁሉ ኋላ የተሰፋ ጥብቆ ቢሆንስ?
ትልቅ ሰው ፍርሃቱ ምክንያት እንዲኖረው ይወዳል።
ልጇ ኤሊሴኦ፣ አምስት ዓመቱ፣
የዱቄት ከረጢት ላይ የምትስቀውን ፀሐይ ይፈራል።
የሞተ የለም። የዋሸው የለም። ፀሐይቱ ጥርስ እንኳ የላትም።
ማታ ማታ ከረጢቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል፤
ጠዋት ለእንጀራ አባቱ ቂጣ ሲጋገር፣
እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ጆሮው ላይ!

«ምን ታደርግሃለች?» አለችው።
«ምንም።»
እናቱ አልሳቀችም።

ዱቄቱን ወደ ባልዲ ገለበጠች፤ ከረጢቱን ምድጃ ውስጥ ጨመረች።
ዐይኑን ግን በውሉ መሠረት፣ እንደ ነበረ ቀባችው፤
ነጩን ነጭ፣ ጥቁሩን ሰማያዊ።
ቆብ ጨምሪ ያላት የለም፤ አልጨመረችም።
ቀለሙ ሲደርቅ፣ መብራት ከማጥፋቷ በፊት፣
ንጹሕ ጨርቅ አልብሳው ጠርዙን በመዳፏ አስተካከለች።
«ለምን?» አለ ኤሊሴኦ፣ ከበሩ።
«ለአቧራው ነው» አለችው።