ሽፋሽፍት

ዝናብ ነው ብሬስት ላይ፤ መቼ አባርቶ ያውቃል፣
ወደቡ በጭጋግ ሳል እንደያዘው ሰው ያጉረመርማል።
ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ገጽ አለ፣
ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣ፣
«ለነገ ረፋድ ይድረስ» የተባለ።
ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ፣
ከማዶ ማዶ የምመላለስ
እኔ ነኝ ዋናተኛ።

ሰውየው ጃጎ ትሬዊን ይባላል፤
ኮርንዎል የተወለደ አሣ አጥማጅ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቱ፣
ከገዛ መረቡ ጋር ሲታገል
የመርከቡ ገመድ ጠቅልሎ ያዘው ከደረቱ።
እዚህ አመጡት በሄሊኮፕተር፣
እዚህ አስተኙት፣
እዚህ ቀረ።
ሚስቱ ሎዌና ከባሕሩ ማዶ
«ምን እንዳደረጋችሁት በቋንቋዬ ንገሩኝ» ብላ ጻፈች፤
ሌላ ነገር አልጠየቀች።

የፊተኞቹ ገጾች አላስቸገሩኝም፤
የደም ግፊት፣ የልብ ምት፤ ቁጥር ትርጉም አይሻም።
የሰመመኑ ስም፣ የመርፌው መጠን፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት።
ከዚያ አንዲት መስመር፦
«ሬፍሌክስ ሲሊዬር፦ አቦሊ።»
እዚህች ላይ ሻዬ በረደ።

ሬፍሌክስስ ይሁን፤ ሳያስብ የሚመልስ ሥጋ ነው፣
ከባለቤቱ ቀድሞ «አቤት!» የሚል።
«ሲሊዬር» ግን?
መዝገበ ቃላቱ «ሲሊያሪ» አለኝ ፈጥኖ፣
መንታ ወንድም መስሎ፣ በአንድ ልብስ ተሸፍኖ።
ልጽፈው ነበር፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበረች።
ያ ቃል ግን በእንግሊዝኛ ሌላ ነው፤
ከብሌን ኋላ የተሸሸገ ሚጢጢ ጡንቻ፣
የማንም ጣት የማይደርስበት።
ቃላትም እንደ ዘመድ ናቸው፤
መልክ ይሰጡሻል፣ ልብ ይነሱሻል።

እኩለ ሌሊት ላይ ለኢቮን ኬርማዴክ ደወልኩ፤
አርባ ዓመት ሰው ሲያስተኛ ኖሮ
ጡረታ ሲወጣ ራሱ እንቅልፍ ያጣ።
«ምን መሰለሽ» አለኝ፣
«መድኃኒቱ ደም ሥር ከገባ በኋላ፣
በሌባ ጣቴ ጫፍ፣ እንዲህ፣
ሽፋሽፍቱን ዳበስ።
ቆቡ ከተርገበገበ ሰውየው ገና ቤቱ ነው።
ካልተርገበገበ ሥራ ይጀመር።
በቃ። መሣሪያ እንዳይመስልሽ ልጄ፣
ጣት ነው።»
ጥቂት ዝም አለና
«ስንቱን ዳበስኩ» አለ።

«የሽፋሽፍት» ብዬ ጻፍኩ።
ቀረችኝ «አቦሊ»።

በእኛ ቋንቋ ይሻራል፤
እንደ ዘውድ፣ እንደ አዋጅ፣ እንደ ሞት ቅጣት፤
የሻረው እጅ አለ፣ የተሻረበት ሰዓት።
እንግሊዞቹ ግን «አብሰንት» ይላሉ፤ የለም፤
ከክፍል እንደቀረ ተማሪ፣
ዳቦ ሊገዛ ወጣ እንዳለ ባል፣
ይመጣ ይሆናል የሚያሰኝ።
ትክክሉ እሱ ነው፤ ሐኪሞቻቸው የሚጽፉት እሱን፤
እኔም የሚከፈለኝ ለትክክሉ ነው።
ሎዌና ግን ሐኪም አይደለችም።
«የለም» የሚለውን አንብባ
በር በሩን ብታይስ?

ሁለቴ አጠፋሁት። ሦስተኛ ጻፍኩት፤ ተውኩት።

መጨረሻው ገጽ ላይ «የመንቂያ ክፍል» ይላል፤
እንግሊዝኛው «ማገገሚያ» ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል።
ፊት ለፊቱ ሰዓት የለም፤ ሰረዝ ብቻ።
ሰረዙን እንዳለ አሻገርኩት።

ሊነጋጋ ሲል መኝታ ቤት ገባሁ።
ታንጊ በጀርባው ተንጋሎ ያንኮራፋል፣
እጁ እንደ ሁልጊዜው የሞተር ግራሶ ይሸታል።
ጎንበስ ብዬ በሌባ ጣቴ ጫፍ
ሽፋሽፍቱን ዳበስ።
ተርገበገበ።
«ዝንብ ነው?» አለ ሳይነቃ፣
ወደ ግድግዳው ዞረ።

መብራቱን አላጠፋሁም።
አልጋውን ዞሬ፣ በዚያኛው በኩል፣
ደግሜ ዳበስኩት።