ወፍጮው ራሱን ሲገዛ

ይታገሱ ወንድሜ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሌሊት ሠራተኛ፣
ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማበርን በጉም አልፎ፣ ሞላሌ ገባ ሊያድር ከእኛ።
ጋቢውን ሳያወልቅ ስልኩን አወጣና
«እትዬ፣ ይህን እዪልኝ» አለ፣ «ቶክኔ ጨመረ፤ ገበያው ቀና።

አለቃ የለው፣ ቢሮ የለው፣ ማኅተም፤
ሰው ሲለዋወጥበት ሽርፍራፊ ይቆርጣል፤ ቢመሽ ቢነጋ አይደክም።
የሰበሰበውን አያከፋፍልም፤ ገበያ ይወጣል፣
የራሱን ቶክን ገዝቶ እሳት ውስጥ ይጥላል።
ብዛቱ ሲያንስ የቀረው ይወደዳል።
እኔ ምን ሠራሁ? አልሸጥሁም፤ ብቻ ድርሻዬ ያድጋል።»

ሳቅሁ።
«አዲስ ነገር ነው!» አለ፤ ፊቱ ቀላ።
እሱ ያኔ ሕፃን ነበር፤ የማኅበር ወፍጯችንን የበላ
እሳት አያውቅም።
ክብሪቱን የጫርሁት እኔ ነኝ፤ ሒሳብ ያዥዋ።

አርባ ሁለት ወረቀት፣ ሮዝ፣ ክብ ማኅተም ያለው፣
አርባ ሁለት ሰው ደስ ብሎት ሳጥን ውስጥ የቆለፈው።
በሚያዝያ ሒሳብ ዘጋን፤ ትርፉ ለአርባ ሁለት ሲሰነጠቅ
እፍኝ ጨው ሆነ። ጉባኤው ዝም አለ፣ ማንም አፍሮ እንዳይጠይቅ።
ያኔ ሊቀመንበሩ አቶ እንግዳወርቅ፦
«ከምንበትነው እንግዛበት፤ መሸጥ ለሚሻ ወፍጮው ራሱ ይክፈል፣
ወረቀቱን እናቃጥል፤ ለቀረነው ይደላደል።»
አጨበጨብን።

ጋሽ ደረሰ ሸጡ፣ ለልጃቸው ሕክምና።
ወይዘሮ ስንዱ ሸጡ፣ ጎተራቸው ባዶ ነበርና።
የሸጠ ሁሉ ቸግሮት ነው፤ የቆየው ደግሞ የደላው፤
ለዚህ ግን መዝገቤ ዓምድ አልነበረው።

በየሚያዝያው አቃጠልን፤ አመዱ እንደ ዱቄት ነጣ፣
ሠላሳ... ዐሥራ ዘጠኝ... ዐሥራ አንድ። የአንዱ ዋጋ ሽቅብ ወጣ።
እኔም ሦስት ነበሩኝ፣
ማታ በኩራዝ ስቆጥራቸው ከምድጃ ይበልጥ የሚያሞቁኝ።

ወቃሪው አባ ጽጌ መዶሻውን ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፦
«ድንጋዩ ልሟል፣ ጥርስ የለውም፤ ቀበቶውም ሊበጠስ ነው፤ አይሰንብት እንዲህ ባገር!»
«ለከርሞ» አልነው። ገንዘቡ ለግዢ ወጥቷል።
ለከርሞም «ለከርሞ» አልነው። አመዱ ጨምሯል።

ሰባት ቀረን። ሰባት ሰው ሙሉ ወፍጮ ያዝን፤ ድርሻችን ጣሪያ ነካ፤
ዱቄቱ ግን ሻክሮ፣
አህያ ሁሉ በደጃችን አልፎ ወደ መብራቱ ወፍጮ ይሄድ ኖሯል ለካ።

ይታገሱ ዝም አለ። የስልኩ ብርሃን ፊቱ ላይ ቆይቶ ጠፋ።
«የእኛው ኮድ ነው» አለ፣ «ድንጋይ አይደለም፤ አያልቅም።»
«ይሁን» አልሁት፣ «አልጣላህም።
ግን ከሽርፍራፊው ላይ፣ ግዢው ሳይጀመር፣
ለወቃሪው የሚነሣለት አለ? ስሙስ ማን ነበር?»

ሊፈልግልኝ ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ አደረገ።
ኔትወርኩ ከጉሙ ጋር ሄዷል።
ያ ድንጋይ ዛሬም ደጃፌ ላይ አለ፤ በርበሬ አሰጣበታለሁ።
ሦስቱ ወረቀቶች ሳጥን ውስጥ ናቸው። አላቃጠልኋቸውም።
የሚገዛኝ የለም።