ድንበር ገፊ

ኮርንዎል ጫፍ፣ ከባሕር በላይ፣ ሰማንያ ሁለት ቤት
ሊሠራ ነው፤ ካርታው ተለጥፏል ከአጥሩ ፊት።
ከዚያ በፊት ግን እኛ፣ ስድስት ሰው፣ አንድ ድንኳን፣
አምስት ሳምንት ተሰጠን፣ አፈሩ ቢናገር እንደሆን።

ጆሪ ኤክስካቫተሩን እንደ ምላጭ ይዞ
ሣሩን ላጨው ቀስ ብሎ፣ የኋሊት ተጉዞ።

ወርቅ የለም። ሣንቲም የለም። አጥንት እንኳ አልወጣም፤
በዚህ ኮምጣጣ አፈር አጥንት አይበረክትም።
አንዲት የተቃጠለች ገብስ፣ ጥፍር የምታክል ገል፤
ሌላው ጭቃ ብቻ። ቢጫ ጭቃ። በመሐል
አንድ ጥቁር መስመር፣
እንደ ከሰል ጭረት፣ ከኮረብታው ወደ ባሕር።
ያገኘነው ይኼው ነው፤ የሆነ ሰው ድንበር።

ታምሲን ተንበርክካ በማንካዋ ጫፍ ስትፍቅ፣
"ቦይ ነው" አለች፣ "የማሳ፤ ብረት ሳይታወቅ
በአጋዘን ቀንድ ተምሶ፣ አፈሩ በእጅ ሲዛቅ።"
አፍንጫዋን በጓንቷ ጠርጋ ደግማ ጎንበስ አለች፤
ዝም።
ቀጥላ ሣቀች።

"ቆይ! አንድ ቦይ አይደለም፤ ሦስት ነው፣ ተመልከት፤
ያኛው ሞልቶ ሲደፈን ይኼኛው ተማሰበት፣
ግን እዚያው ላይ አይደለም፤
ወደ ሰሜን አንድ ክንድ። ደግሞ ሌላ አንድ ክንድ።
ድንበሩ ሲራመድ
ሁልጊዜ በአንድ ወገን፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ።"

ማታ ዴንዚል መጣ፣ መሬቱን የሸጠው፤
ከገመዱ ማዶ ቆመ፣ እንደማያገባው።
ከወንድሙ ከፔትሮክ፣ በአንዲት የእሾህ አጥር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም ነበር፤
ፔትሮክ የተቀበረ ዕለት
"ዝናብ ነው" ብሎ ዋለ ይባላል፣ ከቤት።

ታምሲንን ሰማት። ቦዩን አየ፤ ክንዱን ዘርግቶ ለካ።
"ድንበር ገፊ" አለን፣ "ያኔም ነበር ለካ!"
ቆይቶ፣
"ማነው የገፋው?" አላት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ በጣም።
"የደቡቡ" አለች። የእሱ በየት እንደነበር አታውቅም።
ኮፍያውን አወለቀ።
ዝናብ አልነበረም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሁሉም ተለክቷል፣ ተሥሏል፤
የቦዩ አፈር በፌስታል ቁጥር ተጽፎበት ታሽጓል፤
ሰኞ ሲሚንቶ ይመጣል።
ከመሄዴ በፊት ካርታውን ቆሜ አየሁት፤
አሥራ አራት ቁጥርና አሥራ አምስት ቁጥር ቤት
የሚለያዩበት የጓሮው አጥር፣
ነዳፊው ለውኃ መውረጃ ብሎ ያሰመረው መስመር፣
እዚያው ላይ ነው፤
አንድ ክንድ ሲቀር።