የጉዳት መግለጫ

ሴቱባል። ምድር ቤት። ከላይ ዝናብ፣ ከታች የማሽን ጉርምርምታ፤
ፎቶን ፎቶ ማንሣት ነው እንጀራዬ፣ ከጧት እስከ ማታ።
የመስታወት ኔጋቲቭ በጓንት አንሥቼ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ፣
የተሸረፈ ጠርዝ፣ የሻገተ ጥግ፣ ጭረት ካለም ፈልጌ፣
ቁጥር ሰጥቼ እለቀዋለሁ ወደ ጋራው ማህደር፤
ከዚያ ወዲያ የእኔ አይደለም፤ በየፎቁ ይዞራል ሲውል ሲያድር።

ሦስተኛ ፎቅ ኖእሚያ ለኤግዚቢሽኑ ጀልባ ጀልባውን ትለቅማለች፤
"ይሄ ውብ ነው" ብላ ኮከብ ትለጥፍበትና ታልፋለች።
የጥገናው ቴልሞ ሰው አያይም፤ የሚያየው ሻጋታ፤
አንዲት ነጥብ አጉልቶ አጉልቶ ይውላል፣ እንደ ሐኪም በርጋታ።
ዲሬክተራችን ምን እንደሚከፍት (ማሽኑ ይመዘግባልና) አውቃለሁ፤
የራሱን ሹመት ፎቶ ነው፣ ደጋግሞ፤ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ቁጥር አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት፦
በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሴቶች፣ ሰርዲን ሲደረድሩ በጣሳ፤
አንዷ ብቻ ቀና ብላለች፣ መቀስ በእጇ፣ ክንዷ ላይ ተጣብቆ ቅርፊት የዓሣ።
"ርእስ፦ ያልታወቀች ሴት። ቦታ፦ ፋብሪካ። ዘመን፦ ምናልባት አርባ ስምንት።"
ግራሲንዳ ናት የጻፈችው፣ መዝገብ ያዧ፤ "ምናልባት"ን የምትጠላ ሴት።

የሌሊት ዘበኛው አዴሊኖ የይለፍ ቃል የለውም፤
ደንቡ ነው። ቁልፍ ሁሉ በወገቡ፣ ያ አንዱ ግን አልተሰጠውም።
አንድ ማታ "አትሄድም እንዴ?" ሊለኝ ወርዶ፣ የእጅ ባትሪውን እንዳበራ፣
ከትከሻዬ ኋላ ቆመ። ዝም አለ።
ካፖርቱ ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነበር ጠብ ጠብ እያለ የሚያወራ።

"እቺማ..." አለ፤ "እቺማ ኤርሜሊንዳ ናት፣ የእናቴ ታላቅ፤
የፋብሪካዋን ጡሩምባ ከሰባቱ ለይታ የምታውቅ።
ጀልባ ገብቶ በውድቅት ሲነፋ፣ እኛ ልጆቹ ሳንሰማ፣
ተነሥታ ትወጣ ነበር፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጨለማ።"

ጧት ለግራሲንዳ ነገርኋት። መነጽሯን አወለቀች፤
የስሙን ሣጥን ነካች፤ ሣጥኗ እምቢ አለች።
"ርእስ የሚቀየረው በኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ለፋሲካ፤
ክፍት የቀረልን አንድ ቦታ ነው፣ 'ጉዳት' የሚለው፣ ለካ።"
እዚያ ጻፈችው፣ ጥፍሯን እየበላች፣ ከጭረቶቹ በታች፦
"ግራ ጠርዝ ተሸርፏል። ኤርሜሊንዳ ትባላለች።
ጡሩምባዋን ለይታ ታውቅ ነበር።"

አሁን ቴልሞ ሻጋታ ሊፈልግ ሲገባ ስሟን ያገኛል፤
ባለፈው ሳምንት ወርዶ "አሥራ ሰባትን ምን ነካት?" ብሎኛል።
ኖእሚያም ትናንት በአንዱ ጀልባ ሥር
"ጉዳት፦ በዕዳ ተሽጧል" አለች፤ የማንን እንደሆነ አልነገረችኝም፤
ኮከቧን ግን አንሥታዋለች፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አዴሊኖ እስከ ዛሬ የይለፍ ቃል የለውም።
ማታ ማታ ይወርዳል፤
ወንበር ስስብለት "ደንብ ነው" አልለውም።