ስሙ የተፋቀ

የፊተኛውን ድሪል የመረጥሁት በዓይኔ፣
ቢጫ ቀለም ወድጄ፣ ሳጥን አይቼ ነው እኔ።
ዐሥራ ሦስት ፑንታ፣ ሁለት ባትሪ፣ ቻርጀር፣
ሁሉም በየጎሬው ተኝቶ ሲታይ ያምር ነበር።
ስሙን አላጣራሁም። ከታወቀው ስም ላይ
አንዲት ፊደል ብቻ ጎድላለች፤ ማን ሊያይ?
ሙዘይን አልዋሸኝም። «ዋስትና አለው?» ስለው፣
«እስከ በሩ ድረስ» ብሎኝ ነው የሳቀው።

አቶቴ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁም ሣጥን ልገጥም፤
መብራት ከጠዋት ጠፍቷል፣ ጄኔሬተርም የለም።
ሴትዮዋ ቆማለች ልብሷን በክንዷ አቅፋ፤
ዐሥራ ስድስት ብሎን ገባ፣ በዐሥራ ሰባተኛው አንቀላፋ።
አጉረመረመ ትንሽ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው፤
ከዚያ ዝም። ሁለተኛውን ባትሪ አውጥቼ ብለውጠው
እሱም እንደ ወንድሙ።
ሌሊቱን ሙሉ «ሞላሁ» ሲል ያደረ አረንጓዴ መብራት—
ለካስ ቻርጀርም ይዋሻል።
ብሎኑ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ፤
ሴትዮዋ «አይዞህ» አለችኝ። ከስድብ ይብስ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ሆንሁ፤ ሠራተኞቹን ሁሉ
«የቱ ይሻላል?» ስል፣ የያዙትን ያመሰግናሉ።
ሽብሩ ሰማያዊ ይላል፣ አጎቱ ከዱባይ አምጥቶለት፤
ሀጢሶ በቀዩ ይምላል፣ አንድም ቀን አላየነው ሲሠራበት።
አንዱ ቮልት ይቆጥራል፣ አንዱ አምፔር ያሰላል፣
ሌላው አፍንጫውን አስጠግቶ «ሽታው ያስታውቃል» ይላል።
ጋሽ ዳንጊሶ ብቻ፣ አርባ ዓመት በር የገጠመ፣
እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ፣ መልሶ ሰካና ቆመ፦
«አዲስ ሆኖ የማይዞር የለም፤ እሱን ተወው» አለ፣
«ባትሪው ሲያረጅ፣ ባትሪውን ለብቻው የሚሸጥ አለ?»

በዚያው ሳምንት፣ ታቦር ግርጌ፣ በአዲስ ሕንፃ ሥር ሳልፍ፣
ከባሕር ዛፍ መወጣጫው «ዞር በል!» የሚል አፍ፤
ቀና ሳልል አጠገቤ ድሪል አሸዋ ላይ ተተከለ።
አማረች ናት፣ አልሙኒየም መስኮት የምትገጥመው።
ወረደች፤ አራገፈችው፤ እፍ እፍ አለችና
አፉን ወደ ሰማይ አድርጋ ስትጫነው ዞረ ደህና።

«ማርካው ምንድን ነው?» አልኋት። አገላብጣ አየችው፤
ስም የነበረበት ቦታ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው።
አራት ዓመት መዳፏ ሲያልፍበት ፊደሉን በልቶታል።
«እንጃ፤ ወንድሜ ጅማ ሲሄድ ተወልኝ፤ ይሠራል።»

ባትሪዋን ተዋስኋት፣
መታወቂያዬን መያዣ ሰጥቼ «በአንድ ሰዓት» ብዬ ማልሁላት።
ስም ይፋቃል፣ የባትሪ ጥርስ ግን የቤቱን በር ያውቃል፤
ወገኑን ያገኘ እንደሆን «ቀጭ» ብሎ ይገባል።

ሙዘይን ሱቅ ገብቼ አንድ በአንድ ሞከርሁት።
ቢጫው አላስገባ አለ፤ ከቀዩም መለስሁት፤
ሰማያዊው ግማሽ መንገድ አስገብቶ ተፋው።
ልወጣ ስል ከባንኮኒው ሥር፣ ከሻይ ብርጭቆው ጎን፣
አቧራ የለበሰ አንድ አየሁ፦
ሳጥን የለው፣ ዋጋ የለው፣ እጀታው በፕላስተር የታሰረ፣
የሱቁን መደርደሪያ በሙሉ ሙዘይን የመታበት።

ቀጭ።

«እሱ የራሴ ነው» አለ። «አይሸጥም።»
ከኋላው አርባ ድሪል በየሳጥኑ ያብለጨልጫል፤
ተያየን። ጆሮው ቀላ።
«ቅዳሜ የሚመጣ መኪና አለ፤ ላስመጣልህ፤ ዋጋው ግን እጥፍ ነው» አለ።
«ባትሪውስ? ለብቻው?»
ብርጭቆውን አነሣ፤ ባዶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠ።
«አለ።»

ቀብድ ከፈልሁ። የአማረችን ባትሪ በሰዓቱ መለስሁ።
ዛሬ ሐሙስ ነው። አቶቴ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዐሥራ ሰባተኛውን ብሎን በካቻቢቴ እያዞርሁ ነኝ፤
ሴትዮዋ ልብሷን እንዳቀፈች ናት።